እማዬ፣ መድኃኒቱ ስለተጨመረልኝ አትደንግጪ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? እሁድ በስልክ፣ እርጉዝ ሆኜ የሚጥል በሽታ መድኃኒቴ እንደተጨመረልኝ ስነግርሽ፣ «ጭራሽ ጨመሩልሽ?» ብለሽ ድምፅሽ ሲቀየር ገባኝ፤ ልጁን ይጎዳዋል ብለሽ ነው። እህቴ ቁጭ ብላ ታንብብልሽ።

የፈራሽው ከመሬት ተነስተሽ አይደለም። ግን የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሁሉ አንድ አይደለም። ድሮ የምወስደው ቫልፕሮኤት የሚባለው በእርግጥም ለጽንስ መጥፎ ነው። እናታቸው እሱን እየወሰደች ከሚወለዱ 100 ሕፃናት 10 ያህሉ የአካል ጉድለት ይዘው ይወለዳሉ፤ ከ30 እስከ 40 የሚሆኑት ደግሞ የአእምሮ እድገት ችግር ይገጥማቸዋል፣ አንዱ ለመሄድና ለመናገር ይዘገያል፣ ሌላው ትምህርት አልገባ ይለዋል፣ ኦቲዝምም በብዛት ይታይባቸዋል። አሜሪካና እንግሊዝ ውስጥ ሕፃናቱን እስከ 6 ዓመታቸው ተከታትለው በ2013 ባወጡት ጥናት፣ እናታቸው ቫልፕሮኤት የወሰደችው ልጆች አማካይ አይኪው (የአእምሮ ችሎታ መለኪያ) 97፣ ላሞትሪጂን የሚባለውን ሌላ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የወሰደችው ደግሞ 108 ነበር። እዚህ እንግሊዝ ካርቶኑ ላይ ሳይቀር በቀይ የተሰረዘ የእርጉዝ ሴት ሥዕል አለበት።

ታዲያ እኔ እኮ ገና ሳላረግዝ ነው ወደ ላሞትሪጂን የተቀየርኩት። አንዲት ሴት ማርገዟን እስክታውቅ ድረስ የልጁ አካል መሠረት መያዝ ስለሚጀምር፣ ቀድሞ መቀየሩ ነው የሚሻለው። ፎሊክ አሲድ የሚባለውን ቫይታሚንም ያኔ ነው የጀመርኩት።

የጨመሩልኝ ይህንኑ ላሞትሪጂን ነው። ስታረግዢ ሆርሞኑ ጉበትን ያፈጥነዋል፣ መድኃኒቱን ቶሎ ቶሎ ያስወጣዋል፤ ስለዚህ የድሮውን ያህል ብውጥ ደሜ ውስጥ የሚቀረው ያንሳል። ደሜን እየለኩ የጎደለውን ነው የሚሞሉት። ከወለድኩ በኋላ መልሰው ይቀንሱታል።

«እስክትወልጂ ብታቆሚውስ» ላልሽው፣ አይሆንም እማዬ። በድንገት ካቆምኩ ይጥለኛል፣ በሆዴ ልወድቅ እችላለሁ፣ ከባድ ሲሆን ደግሞ ልጁም ኦክስጅን ያጥረዋል፣ እኔም ልሞት እችላለሁ። ጠበሉን ላኪልኝ፣ በደስታ እጠጣለሁ፤ ክኒኑንም እውጣለሁ። ከጣለኝም ባሌ ክብሪት ጭሮ አያሸተኝም (አንቺ ስንቱን ፓኮ ጨረስሽ!)፣ በጎኔ አስተኝቶ ሰዓት ይይዛል። ከ5 ደቂቃ ካለፈ አምቡላንስ ይጠራል።

አሁን አንድ ሥራ ልስጥሽ። የጎረቤታችን ልጅ ዘንድሮ ልትዳር ነው ብለሽኛል፤ ለሚጥል በሽታዋ የምትወስደው ፌኖባርቢታል የሚባለውን መድኃኒት ነው፣ እሱም ለጽንስ የሚያሰጋ ነገር አለው። ሄደሽ በዝግታ ንገሪያት፣ እናቷ ፊት ሳይሆን ለብቻዋ። በራሷ እንዳታቆም! ግን ሳታረግዝ በፊት ለሐኪሟ «መውለድ እፈልጋለሁ» ትበለው፤ የሚሻላትን እሱ ይመርጥላት። ቅዳሜ ስደውል መጀመሪያ የምጠይቅሽ እሱን ነው።

ልጅሽ