ከአዲስ አበባ ሐዋሳ በብስክሌት፣ ለአራት ሮቶ ውሃ

ሰላም ወገኖች! ጥምቀት እንዳለፈ፣ በጥር መጨረሻ፣ ከአዲስ አበባ ሐዋሳ በብስክሌት ልንወርድ ነው። 275 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በሁለት ቀን። "ምን በወጣችሁ፣ አውቶቡስ ጠፋ እንዴ?" የሚለን አልጠፋም። አውቶቡስማ ሞልቷል። እኛ የምንነዳው መንገዱ ዳር፣ ቡልቡላ አካባቢ፣ ላለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ለማሠራት ነው። ገንዘቡን ደግሞ የምንጠብቀው ከእናንተ ነው፣ ሳንሽኮረመም እንናገረው።

ከመቂ ወዲያ በዚያ መንገድ የሄደ ሰው ልብ ብሎ ከሆነ፣ ብዙ ወጣት ሲስቅ ጥርሱ ቡናማ ነው። መንገደኛው ጫት ይመስለዋል፣ ወይም አለመፋቅ። አይደለም፣ ውሃው ነው። በስምጥ ሸለቆ ከመሬት የሚወጣው ውሃ ከእሳተ ገሞራ በተፈጠረ አለት ውስጥ እያለፈ ፍሎራይድ ይዞ ይመጣል። ጥቂቱ ለጥርስ ይጠቅማል፣ የጥርስ ሳሙና ውስጥ የሚገባውም ለዚያ ነው። ሲበዛ ግን ጉድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በአካባቢው ከዚያ በእጥፍ ድርብ የሚያልፉ ጉድጓዶች አሉ። ቋሚ ጥርስ ድድ ውስጥ ገና በሚሠራበት ዕድሜ፣ ማለትም እስከ 8 ዓመት ገደማ፣ ይህን ውሃ የጠጣ ልጅ ጥርሱ እንደበለዘ ይወጣል፤ ቢፍቀውም አይለቅም። ለዓመታት ሲጠጣ ደግሞ አጥንት ውስጥ ይገባል፣ ወገብ አልታጠፍ ይላል፣ ጉልበት ይደርቃል።

"አፍልተው አይጠጡም?" ተብለን ነበር። ፍሎራይድ በማፍላት አይወጣም። እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ላይ ይበረታል። ጉድጓዱን ጠለቅ አድርጎ መቆፈርም ዋስትና የለውም። ማጣሪያ አለ፣ ከተቃጠለ የከብት አጥንት የሚሠራው በደንብ ይይዘዋል፣ ግን አጥንቱ በየጊዜው መታደስ ወይም መቀየር አለበት፣ ይህ ደግሞ ባለሙያና የማይቋረጥ በጀት ይፈልጋል፤ ለአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ከባድ ነው። ዝናብ ግን ፍሎራይድ የለውም ማለት ይቻላል። የቆርቆሮው ጣሪያ አለ፣ ክረምቱም ይመጣል። የጎደለው አሸንዳና ሮቶ ነው።

ሒሳቡን እንዲህ ሠርተነዋል። በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ነው። ሁለቱ የመማሪያ ሕንፃዎች ጣሪያ አንድ ላይ 200 ካሬ ሜትር ይሆናል፣ አካባቢው ደግሞ በዓመት ከ600 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ያገኛል። የሚባክነውን ቀንሰን ከ90 ሺህ ሊትር በላይ ነው፣ ዛሬ ዝም ብሎ ግቢው ውስጥ የሚፈስ። ባለ 10 ሺህ ሊትር አራት ሮቶ ብንተክል፣ በበጋው ለ400 ልጅ በቀን አንድ አንድ ሊትር ለ100 የትምህርት ቀን ይበቃል። ለመጠጥ ብቻ ነው፤ እጅ መታጠቢያው ከጉድጓዱ ይቀጥላል። የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ጠርጎ ስለሚወርድ፣ እሱን ለብቻው ወደ ውጭ የሚያፈስ ቱቦም ይገጠማል።

ልጆቹ ቤት ሲገቡ ያንኑ የጉድጓድ ውሃ እንደሚጠጡ እናውቃለን። ችግሩን ጨርሰን እንፈታለን አላልንም። ግን የሚጠጡት ፍሎራይድ በቀነሰ ቁጥር ጉዳቱም ይቀንሳል፤ ለዚህ ነው ውሃው ካነሰ ቅድሚያው ለቅድመ መደበኛና ለ1ኛ እና 2ኛ ክፍል ልጆች እንዲሆን ከወላጆች ኮሚቴ ጋር የተስማማነው።

አሁን ስለ ጉዞው። ከእኛ ውስጥ ስፖርተኛ የለም። ኢትዮጵያ በ1949 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትሳተፍ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ልካ ነበር፤ እኛን ከእነሱ ጋር የሚያገናኘን ፔዳሉ ብቻ ነው። ልምምዱን በኮሪደር ልማቱ በተሠሩት የብስክሌት መስመሮች ጀመርን፣ አሁን እንጦጦን እየወጣን ነው። እንጦጦ ላይ ሳንባ የት እንዳለ በደንብ ይታወቃል። በመጀመሪያው ቀን በዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ መቂ አድርገን ባቱ እናድራለን፣ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ አብዛኛው ቁልቁለት ነው። የፍጥነት መንገዱ ለብስክሌት ስለማይሆን አሮጌውን እንይዛለን። የምንፈራው ሁለተኛውን ቀን ነው፤ ከላንጋኖ ወደ አርሲ ነገሌ ያለው አቀበት በቀትር ፀሐይ ቀልድ አይደለም። ስንቃችን በሶ፣ ቆሎና ሙዝ ነው። ከኋላችን አንድ ፒክአፕ የውስጥ ጎማ፣ ካቴናና የደከመ ሰው ይዞ ይከተላል።

ነዳጁን፣ ማደሪያውን፣ ምግቡን እኛው ከኪሳችን እንችላለን። ከእናንተ የሚመጣው እያንዳንዱ ብር ለሮቶው፣ ለአሸንዳው፣ ለቧንቧውና ሮቶው ለሚያርፍበት መሠረት ብቻ ይውላል። ግባችን 700 ሺህ ብር ነው። በኪሎ ሜትር ያዙልን፦ በ10 ብር ከሆነ 2,750 ብር ይመጣል፣ 255 ሰው ይህን ካደረገ ሞላ ማለት ነው። በ1 ብር የያዘም 275 ብር ይሰጣል፣ እሱንም በደስታ እንቀበላለን። መሐል ላይ ብንቀር የነዳነውን ያህል ብቻ ክፈሉ፣ አንቀየምም።

የንግድ ባንክና የቴሌብር ቁጥሮቹ አብሮ በተለጠፈው ምስል ላይ አሉ። ሒሳቡ የሚንቀሳቀሰው በሦስት ሰው ፊርማ ነው፣ አንዷ የወላጆች ኮሚቴ አባል ናቸው። በዲሲም በሪያድም ያላችሁ፣ እዚህ ባለ ዘመድ በኩል ብትልኩ ይቀላል። የገዛንበትን ደረሰኝ ሁሉ እንለጥፋለን። ግቡ ካለፈ ትርፉ ለአምስተኛ ሮቶ ነው፣ ካልሞላ ደግሞ በተገኘው ልክ ሁለትም ሦስትም ተክለን ቀሪውን ለሚቀጥለው በጋ እናሳድራለን።

ገንዘብ የሌላችሁ ደግሞ አታፍሩ። ቧንቧ የሚገጥም ባለሙያ ለሁለት ቀን እንፈልጋለን፣ ሮቶዎቹን ከአዲስ አበባ የሚጭን አይሱዙ ያለው ሰው ቢገኝም ትልቅ ወጪ ይቀንስልናል። ጠንካራ እግርና ፍሬኑ የሚሠራ ብስክሌት ያለው ደግሞ እሑድ ጠዋት 12 ሰዓት መስቀል አደባባይ ይምጣ፣ ሄልሜት ያልያዘ ግን አይነዳም።