ከሐዋሳ ለአባቴ

ለተከበሩ አባቴ፤

እንደምን ሰንብተዋል? የእናቴስ ጉልበት ተሻላት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። እናቴ ፈትላ እርስዎ ያሸመኑልኝን ጋቢ ለሰው ሰጥቼዋለሁ፤ ከሌላ ከሚሰሙት ከእኔው ቢሰሙት ይሻላል ብዬ ነው የምጽፍልዎ።

ከኬንያ ተጠርዘው በሞያሌ በኩል የሚመለሱት የአገራችን ልጆች፣ ወደ ሆሳዕና ለመሻገር እዚህ መናኸሪያ ሲደርሱ ብዙዎቹ የመሳፈሪያ እንኳ የላቸውም። ደቡብ አፍሪካ እናደርሳችኋለን ያሏቸው ደላሎች መንገድ ላይ ጥለዋቸው፣ ያለ ፈቃድ ገብታችኋል ተብለው ታስረው፣ በመጨረሻም ድንበር ላይ የተለቀቁ ናቸው። እኔና ጓደኞቼ ከየደመወዛችን እያዋጣን እናሳፍራቸዋለን። ብዙ ቀን የተራበ ሰው በአንድ ጊዜ ጠግቦ ሲበላ ሊታመም ስለሚችል፣ ነርስ የሆነች ጓደኛችን እንዳስተማረችን መጀመሪያ የአጃ ሾርባ በትንሽ በትንሹ እንሰጣለን።

ጋቢውን የለበሰው ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው። ሁለቱ ነጠላ ጫማዎቹ የተለያዩ ናቸው፤ አንደኛው በሽቦ ታስሯል። ለእናቱ እንዲደውል ስልኬን ብሰጠው ዘጠኙን ቁጥር ነካና አሥረኛው ላይ ሲደርስ መለሰልኝ። «በሬዎቹን ሸጠው፣ የጎደለውን በአራጣ ተበድረው ነው የላኩኝ፤ ምን ይዤ እገባለሁ?» አለኝ። ለዚህ መልስ አጣሁ። ረሃቡንና ብርዱን እኛ እዚህ ማስታገስ እንችላለን፤ ይህን ግን አንችልም።

አባቴ፣ በ2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ውስጥ ቴቴ በተባለ ቦታ 64 ወገኖቻችን በጭነት መኪና ኮንቴይነር ታፍነው መሞታቸውን በሬዲዮ የሰሙ ዕለት እህል አልቀመሱም ነበር። ያን ሐዘንዎን አስቤ ነው አሁን የምደፍርዎ። እርስዎ የእድር ዳኛ ነዎት፤ ቃልዎ ይሰማል። ከሽማግሌዎቹ ጋር ሆነው አበዳሪውን ጊዜ እንዲሰጥ፣ ወለዱንም እንዲተው ቢለምኑልኝ፣ ጎረቤቱንም «ምን ይዘህ መጣህ?» ብሎ እንዳይጠይቀው አስቀድመው ቢመክሩልኝ ውለታዎን አልረሳም።

ልጁ ለመሄድ እሺ ያለኝ እርስዎ ተቀብለውት እስከ ቤቱ አብረውት እንደሚገቡ ቃል ስለገባሁለት ነው፤ ሳላስፈቅድዎ በመናገሬ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቅዳሜ ጠዋት ይሳፈራል። በጋቢው ጥለት ያውቁታል።

አክባሪ ልጅዎ