ለብሎካችን ነዋሪዎች፦ እርጥቡንና ደረቁን እንለየው

ሰላም ጎረቤቶች፣

የቆሻሻ ማጠራቀሚያችን እንደገና ሞልቶ ፈሷል። ትናንት ቀረብ ብዬ አየሁት። አብዛኛው የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላና የሻገተ እንጀራ ነው፤ መሃሉ ላይ ደግሞ ሃይላንዱ ሁሉ ወጥ ተቀብቶ ተቀምጧል። ይሄንን ማን ይገዛዋል?

ከቅዳሜ ጀምሮ በየቤታችን ሁለት ጆንያ እንያዝ። አንዱ ለእርጥቡ፣ ሌላው ለደረቁ። ሃይላንዱን ክዳኑን ከፍታችሁ ጨፍልቁት፣ ቦታ አይፈጅም። ካርቶኑንም ዘርጉት። ቆራሌው ሲመጣ እንሸጥለትና ብሩ ለደረጃው አምፖል ይሁን (ሦስተኛ ፎቅ ያላችሁ ነገሩ ይገባችኋል)። እርጥቡን ጓሮ በቆፈርነው ጉድጓድ ከደረቅ ቅጠል ጋር እያፈራረቅን ብንጨምረውና አልፎ አልፎ ብናገላብጠው፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ለአትክልታችን ኮምፖስት ይሆናል። ሥጋና ቅባት ግን አይግባ፣ አይጥ ይጠራል።

«ለማንሳቱ እየከፈልን ምን አገባን» የምትሉ አላችሁ። ከዚህ የተነሳው የትም አይጠፋም እኮ፣ አንድ ቦታ ይከመራል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ላይ ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሞቷል።

የተሰበረ ብርጭቆ ካለ ለብቻው በወረቀት ጠቅልሉት። በጋሪ የሚሰበስቡት ልጆች እጃቸው እየተቆረጠ ነው።