እሁድን አትሽጪብኝ

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ከረምሽ ሆዴ? እኛ ደህና ነን፣ አልሀምዱሊላህ። ደሴ ብርዱ ጠንክሯል። ጦሳ ከጠዋት ጀምሮ ጉም ለብሶ ይውላል።

የላክሽው ብር ደርሶኛል፣ አላህ ይስጥሽ። ግን የአክስትሽ ልጅ የነገረችኝ ነገር ደስታዬን ወሰደው። ማታ ከኮምቦልቻው የስፌት ሥራሽ ገብተሽ እራት ስትበዪ፣ ጉርሻውን በእጅሽ እንደያዝሽ እንቅልፍ ጣለሽ አለችኝ። ወጡ በክንድሽ ላይ እየወረደ! ስትቀሰቅስሽም "ሰርቪሱ አመለጠኝ?" ብለሽ ጫማሽን ፍለጋ ተነሳሽ። እኔስ ይህን ሰምቼ እንዴት ልተኛ?

ስድስቱን ቀን ሥሪ፣ ማን ከለከለሽ። ኦቨር ታይም ብለው እሁድንም ሲጠሩሽ ግን እምቢ በይ። እሁድን አትሽጪ። ወንድምሽ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን አንብቦልኛል፣ 1156/2011 የሚሉትን። ሠራተኛ በሳምንት ከ24 ሰዓት ያላነሰ ያልተቋረጠ እረፍት አለው ይላል። በእረፍት ቀን የሠራ ደግሞ እጥፍ ይከፈለዋል። አንቺን የያዘችሽ እጥፏ ናት፣ አውቃለሁ። የኮሌጅ ክፍያ አለ፣ የቤት ኪራይ አለ። ለእኔ ብለሽ ከሆነ ግን ተዪው። የአባትሽ ጡረታ አለ፣ ወንድምሽም አለ።

አባትሽን፣ አላህ ይዘንለትና፣ አንቺ የምታውቂው ካረጀ በኋላ ነው። የአሰብ መንገድ በ1990 በጦርነቱ እስኪዘጋ ድረስ ፊያት ከነተሳቢው ይነዳ ነበር። የአፋርን በረሃ በሌሊት አቋርጦ፣ ሚሌን አልፎ፣ በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ይገባል። አንድ ጊዜ ለአረፋ ቤቴ ልድረስ ብሎ ሳይተኛ ነዳ። ያ ሁሉ በረሃ ያላሸነፈውን ሰው ሐረጎ ዳገት ላይ፣ ደሴ አፍንጫው ሥር ሆና፣ መሪውን እንደጨበጠ እንቅልፍ ወሰደው። መኪናው ወደ ተራራው በኩል ዞሮ ተረፉ። ወደ ገደሉ ዞሮ ቢሆን ኖሮ አንቺም አትወለጂም ነበር። ረዳቱ እግሩ ተሰበረ። አባትሽ ቤት ሲገባ የረዳቱ ደም ሸሚዙ ላይ ደርቆ ነበር። በጉ ታርዶ፣ ቡናው ፈልቶ፣ እሱ ግድግዳ እያየ ዋለ።

ከዚያ ወዲህ ሌሊት ኮምቦልቻ ከደረሰ እዚያው ጋቢና ውስጥ ተጠቅልሎ ይተኛል። ቤቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቀርቶት! እራት አቅርቤ ስጠብቅ በጣም ይከፋኝ ነበር። ጠዋት ሲመጣ ግን ፊቱ በርቶ ይገባል። ልጆቹን አቅፎ ከአቦል እስከ በረካ ከጎኔ አይነሳም። "አልሀምዱሊላህ" ሲል ከልቡ መሆኑ ድምፁ ላይ ያስታውቃል።

አንቺ ባለፈው ስትመጪ አቦሉን ቀምሰሽ፣ ስልክሽን አንስተሽ ወጣሽ። እኛ ቤት የሚመረቀው በረካው ላይ መሆኑ ጠፍቶሽ ነው? ጎረቤታችን እማማ እንኳ "ተመስገን፣ ልጃችን ሥራ ያዘች" ብለው ሊመርቁሽ እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። ሥራሽም ጤናሽም ስንቱ ቆሞ የሚለምነው ነው። ግን ሰው ቁጭ ካላለ የተሰጠውን በምን ያየዋል? እሁድን አትሽጪብኝ ልጄ።

በሶና ቆሎ፣ ትንሽ ቅቤም በሚኒባስ ልኬልሻለሁ። ሹፌሩ ስልክሽን ይዟል፣ መናኸሪያ ቶሎ ድረሺለት። ቅቤዋን ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጫት፣ የኮምቦልቻ ሙቀት ያቀልጣታል። የባለፈውን እቃ ከነክዳኑ መልሺልኝ፣ የሰው ነው። ቁርስ ሳትበዪም ሰርቪስ እንዳትሳፈሪ።

እሁድ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ እደውላለሁ። የስፌት መኪና ድምፅ ከሰማሁ በመጀመሪያው ሚኒባስ እወርዳለሁ። ጥበቃው ጋ ቆሜ በስምሽ አስጠራሻለሁ፣ አልቀርም።

እናትሽ
ከደሴ