ስለ ኃይሌ ገሪማ ስትጽፉ የአዳራሽ ኪራዩንም ጻፉ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የፊልም ዳይሬክተሩ የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ስም በኪነ ጥበብ ገጾች ሲነሳ ወሬው ሽልማት ላይ ጀምሮ ሽልማት ላይ ያልቃል። ፊልማቸው «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማትን መውሰዱ፣ በዓመቱም ዋጋዱጉ ላይ ፌስፓኮ በተባለው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል አንደኛ መውጣቱ አይካድም፤ ያኮራልም። ስክሪፕቱን ጽፎ ራሱ ፕሮዲውሰር ሊሆን ለተነሳ ወጣት ግን ዋንጫ ብዙም አያስተምረውም። የሚጠቅመው እሳቸው ፊልማቸውን እንዴት ለተመልካች እንዳደረሱና መብቱን እንዴት በእጃቸው እንዳቆዩ ቢነገረው ነው።

«ሳንኮፋ» የተባለውን ፊልማቸውን እንውሰድ። ገንዘቡን ማሰባሰብ ብቻ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ1993 በበርሊን የፊልም ፌስቲቫል ለውድድር ቢቀርብም አሜሪካ ውስጥ የሚያከፋፍለው ጠፋ። ኃይሌና ባለቤታቸው ሽርክያና አይና አዳራሽ እየተከራዩ፣ በየከተማው ካለው የጥቁር አሜሪካውያን ማኅበረሰብ ጋር እየተባበሩ ራሳቸው አሳዩት፤ ተመልካቹም ጎረፈ። በተለመደው አሠራር ሲኒማ ቤቱ ከእያንዳንዱ ትኬት ድርሻውን ይወስዳል፤ የመጀመሪያው ሳምንት ከቀዘቀዘ ደግሞ ፊልሙን ያወርደዋል። አዳራሹን በቁርጥ የተከራየ ሰው ግን ትኬቱ በሙሉ የእሱ ነው፤ ኪሳራውም እንዲሁ።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። እንበል 300 መቀመጫ ያለው አዳራሽ ለአንድ ምሽት 20,000 ብር ተከራያችሁ፤ ለፖስተር፣ ለትኬት ሻጭና ለትራንስፖርት ሌላ 10,000 ብር ወጣ፤ ትኬቱ 150 ብር ነው። ግብር ሳይቆጠር 200 ሰው ካልገባ ወጪው አይመለስም፤ ይህም የአዳራሹ ሁለት ሦስተኛ ነው። ስለዚህ ቢያንስ ግማሹ ትኬት በዕድር፣ በመሥሪያ ቤትና በተማሪዎች ማኅበር በኩል ቀድሞ ማለቅ አለበት። በር ላይ ብቻ የሚሸጥ ሰው የአንድ ምሽት ዝናብ ይበቃዋል። ብዙዎች የሚወድቁትም እዚህ ላይ ነው፤ ያላቸውን ብር ሁሉ ቀረጻ ላይ ጨርሰው ለማሳያው ሳንቲም አይተርፋቸውም። ከጠቅላላው በጀት ከአራት እጅ አንዱ ገና ከመነሻው ለማስታወቂያና ለማሳያ ቢነጠል፣ ለካሜራ ኪራይ እንዳይነካ ደግሞ በሌላ የባንክ ሒሳብ ቢቀመጥ እንመክራለን።

ወጪውን የሚወስነው በቅድሚያ ስክሪፕቱ ነው። «አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ» የሚባለው መለኪያ የተሠራው በእንግሊዝኛ ጽሕፈት ልክ ነው። በእኛ ፊደል ብዙ ንግግር ጥቂት ቦታ ላይ ስለሚያርፍ 90 ገጽ የአማርኛ ስክሪፕት ሁለት ሰዓት ሊያልፍ ይችላል። ጮክ ብሎ እያነበቡ በሰዓት መለካት ይሻላል። ከዚያ ትዕይንቶቹ እንደ ታሪኩ ቅደም ተከተል ሳይሆን እንደ ቦታቸው ይመደባሉ፤ አንድ ግቢ ውስጥ የሚሆነው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይቀረጻል። በቀን አምስት ገጽ ለትንሽ ቡድን ደህና ፍጥነት ነው፤ የሌሊት ወይም ብዙ ሕዝብ ያለበት ትዕይንት ከሆነ ግን ሁለት ገጽ ካለቀ ተመስገን ነው። ኃይሌ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን እ.ኤ.አ. በ1974 በሁለት ሳምንት ገደማ፣ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም የቀረጹት የገጠርን ሕይወት እዚያው ገጠር ውስጥ፣ ሙያተኛ ባልሆኑ ተዋንያን ስለሠሩት ነው። ያንኑ ስክሪፕት አስር ሰፈር ላይ የሚበትን ጸሐፊ ሁለት ወርም አይበቃውም።

ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቆረጠው የድምፅ ባለሙያው ነው፤ ይህን ስህተት በየፊልሙ እንሰማዋለን። የደበዘዘ ምስልን ተመልካች ይታገሣል፣ የማይሰማ ንግግርን ግን አይታገሥም። የጀነሬተር ጩኸት ንግግር ላይ ከገባ በኋላ ኤዲቲንግ ላይ በንጽሕና አይወጣም። ጀነሬተሩ በረጅም ገመድ ከሕንፃ ጀርባ ይራቅ፤ በየክፍሉም ሰው ሁሉ ዝም ብሎ የክፍሉ ባዶ ድምፅ ለ30 ሰከንድ ይቀረጽ። ኤዲተሩ ንግግር ሲቆራርጥ ክፍተቱን የሚሞላው በዚህ ነው።

ወደ መብቱ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2021 «ሳንኮፋ» በ4ኬ የምስል ጥራት ታድሶ አሬይ በተባለ የፊልም አከፋፋይ ድርጅት በኩል ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ፤ መጀመሪያ ከታየ 28 ዓመት ሆኖት ነበር። መብቱ ለአንድ ነጋዴ በአንድ ፊርማ ተሸጦ ቢሆን ኖሮ ይህን ጊዜ የሚደራደረው ሌላ ሰው ነበር። እኛ ዘንድ የሚፈረመው ውል ብዙውን ጊዜ ሁለት ገጽ ነው፤ ውስጡም «ሙሉ መብቱን አስተላልፌያለሁ» የምትል አንዲት መስመር አለች። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት በውል ሌላ ካልተባለ በስተቀር የፊልሙ ኢኮኖሚያዊ መብት መጀመሪያ የፕሮዲውሰሩ ነው። ጸሐፊውና ፕሮዲውሰሩ አንድ ሰው ከሆኑ ችግር የለም። ስክሪፕቱን ለሌላ የሚሰጥ ጸሐፊ ግን ሲኒማ፣ ቴሌቪዥን፣ ኢንተርኔት፣ የውጭ አገር ማሳያና ተከታታይ ክፍል ለየብቻ እንዲጻፉ፣ ለእያንዳንዱም የጊዜ ገደብ እንዲቀመጥ ይጠይቅ። ክፍያው «ፊልሙ ሲያልቅ» ከተባለ መቼም ላያልቅ ይችላል፤ አንዱ እጅ ሲፈረም፣ አንዱ ቀረጻው ሲጀመር፣ ቀሪው በተቆረጠ ቀን ይሁን።

ዘፈንም አለ። በድምፃዊው የቃል ፈቃድ ብቻ የገባ ዘፈን ሲኒማ ቤት ውስጥ ማንም ላይጠይቅበት ይችላል። ፊልሙ ዩቲዩብ ላይ ሲወጣ ግን ሥርዓቱ ዘፈኑን በራሱ ይለየውና የማስታወቂያው ገቢ ለዘፈኑ ባለመብት ሊሄድ ይችላል። የዲያስፖራው ተመልካች ደግሞ በአብዛኛው ያለው እዚያ ነው። ስለዚህ ከዜማና ግጥም ደራሲው፣ ከድምፃዊውና ከአሳታሚው በጽሑፍ መፈቀዱ ይረጋገጥ፤ «ኢንተርኔትን ይጨምራል» የሚለውም ይግባበት።

የጋዜጣችሁ ዘጋቢዎች ፊልም ሠሪ ሲያነጋግሩ «ተነሳሽነቱ ከየት መጣ?» ከሚለው ቀጥለው ማስተሩ፣ ማለትም የፊልሙ ዋና ቅጂ፣ ያለበት ሃርድ ዲስክ ማን ቤት እንደተቀመጠ፣ ስንት ቅጂ እንዳለውና ውሉ መቼ እንደሚያበቃ ይጠይቁልን።

በስክሪፕት ጽሑፍና በፊልም ፕሮዳክሽን ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች
አዲስ አበባ