ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን ትንፋሽና የልብ ምት ለሚመረምረው ጥናት የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የጎንደር ከተማና የአካባቢዋ ነዋሪዎች፣ በሌላ አገር የምትኖሩ የጎንደር ልጆች፤

ይህን ጥሪ ለጥናቱ መዋጮ በሚያሰባስበው ኮሚቴ ስም የምጽፈው እኔ ገና በሰባት ወሯ የተወለደች ልጅ አባት ነኝ። በተወለደች በሦስተኛው ሌሊት ትንፋሿ በድንገት ቀጥ አለ፤ ከንፈሯ ጠቆረ፤ ተረኛዋ ነርስ ሮጣ መጥታ የእግሯን መዳፍ ስታሻሽላት እንደገና ተነፈሰች። በክፍሉ የነበረው የኦክሲጅን መለኪያ አንድ ብቻ በመሆኑ ከሕፃን ወደ ሕፃን ይዘዋወር ስለነበር፣ መቋረጡን ያየነው በመሣሪያ ሳይሆን እናቷ ዐይኗን ከደረቷ ላይ ስላላነሣች ነው።

የዚህ ነገር ሥር ያለው ከሳንባ ይልቅ በነርቭ ላይ ነው። የመተንፈስ ትእዛዝ የሚነሣው አንጎል ከኅብለ ሰረሰር ጋር ከሚገናኝበት፣ ሜዱላ ከሚባለው ክፍል ነው። ልብ ግን የራሷ ምት አላት፤ የዐዋቂ ሰው ልብ ነርቭ ባይቈጣጠራት በደቂቃ 100 ጊዜ ገደማ ትመታ ነበር፤ በዕረፍት ጊዜ ወደ 70 የምትወርደው ቫገስ የተባለው ነርቭ ሳያቋርጥ ስለሚገታት ነው። ሳይንቲስቱ ኦቶ ሎዊ እ.ኤ.አ. በ1921 በእንቁራሪት ልብ ላይ ባደረገው ሙከራ ይህ ነርቭ ልብን የሚያዘገየው ኬሚካል በመልቀቅ መሆኑን አሳየ። ሌላው ሳይንቲስት ኮርኔይ ሄይማንስ ደግሞ በአንገትና በልብ አጠገብ ባሉ ትላልቅ ደም ቅዳዎች ላይ የሚገኙ፣ የደምን ኦክሲጅንና ግፊት የሚለዩ ጠቋሚዎች ትንፋሽን እንዴት እንደሚመሩ በማስረዳቱ የእ.ኤ.አ. 1938ን የኖቤል ሽልማት አገኘ። ከ37 ሳምንት በፊት በተወለደ ሕፃን ይህ ሥርዓት ገና አልበሰለም። ዐዋቂ ሰው ኦክሲጅን ሲያንሰው ትንፋሹን ያፋጥናል፤ ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ግን ለአጭር ጊዜ ካፋጠነ በኋላ መልሶ ያዳክማል፤ ትንፋሹ ለ20 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሊቋረጥ፣ ቫገስም ልቡን ሊያዘገይ ይችላል። ከ28 ሳምንት በፊት በሚወለዱት ላይ ይህ የማይደርስበት ሕፃን የለም ማለት ይቻላል።

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ነው። እዚሁ ተወልደው ያደጉት ተመራማሪያችን የያዙት ጥያቄም ከዚህ ይነሣል፦ በዚህ ከፍታ ላይ ሕፃኑ በአልጋው ሲተኛና በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ ሲታቀፍ ትንፋሹና የልቡ ምት እርስ በርስ እንዴት ይናበባሉ? እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ የተጀመረው ይህ ገላ ለገላ የማቀፍ ዘዴ፣ ማለትም የካንጋሮ እንክብካቤ፣ ዛሬ በአገራችንም ይሠራበታል፤ ጥያቄው በእናት እቅፍ ውስጥ የነርቩ ሥራ ምን እንደሚመስል በሰከንድ ሰከንድ መመዝገብ ነው። ለትንፋሽ መቋረጥ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ካፌይን እንዲሰጥ መክሯል። (ይህ በሐኪም ተመጥኖ የሚሰጥ መድኃኒት ነው፤ ቡና ለሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም።) መድኃኒቱን የወሰዱና ያልወሰዱ ሕፃናት የትንፋሽና የልብ ምት ቅጂም ለየብቻ ይያዛል።

ጥናቱ የሚካሄደው የወላጅ ፈቃድ ሲገኝ ብቻ ነው፤ መሣሪያዎቹም ከመመዝገብ አልፈው ትንፋሽ ሲቋረጥ ስለሚጮኹ ከመጀመሪያው ሌሊት አንሥቶ ጠባቂ ይሆናሉ። የምንፈልጋቸው የልብ ምትንና ትንፋሽን አብረው የሚቀዱ አራት መሣሪያዎች፣ ለትንሽ እግር የሚሆኑና ቶሎ የሚያረጁ የኦክሲጅን መለኪያ ማጣበቂያዎች፣ እንዲሁም መብራት ሲጠፋ የሚያገለግሉ ባትሪዎች ናቸው። ከደንቢያ፣ ከወገራና ከጭልጋ የመጡ እናቶች ለክትትል ሲመለሱ የሚያስፈልጋቸው መሳፈሪያም አለ፤ በእኔ እምነት ይህ ከመሣሪያው ያላነሰ ጉዳይ ነው፤ መሳፈሪያ ያጣች እናት ካልተመለሰች የልጇ መዝገብ ጎዶሎ ሆኖ ይቀራልና። ከዚህ ገንዘብ ለተመራማሪዋም ሆነ ለኮሚቴው አባላት የሚከፈል አበል የለም።

ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተባት፣ የጤና መኮንኖችና ነርሶች ሠልጥነው ወደየጤና ጣቢያው የወጡባት ከተማ ናት። ስለ ልጆቻችን እስትንፋስ የሚጠናው ነገር እዚሁ ተጠንቶ መዝገቡም እዚሁ እንዲቀመጥ የምንጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው።

መዋጮውን በየእድራችሁ ገንዘብ ያዥ በኩል በደረሰኝ መስጠት ይቻላል፤ በውጭ ያላችሁ በቤተሰቦቻችሁ አማካይነት ላኩልን። የገቢና የወጪ ዝርዝር በየወሩ በእድር ስብሰባ ላይ ይነበባል፤ የተገዛው መሣሪያም በዓይነትና በቍጥር ይመዘገባል። በጡረታ ላይ ያላችሁ ነርሶችና አዋላጆች ደግሞ የሌሊቱን ቅጂ በተራ ለመከታተል ፈቃደኛ ከሆናችሁ ስማችሁን ለዚያው ገንዘብ ያዥ አስመዝግቡ።