ከ7ኛ ክፍል ምዝገባ በፊት፦ ለአዲስ አበባ ትምህርት ቢሮ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የግል መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የመማር ችግር ላለባቸው ተማሪዎች የሚሰጡትን ድጋፍ ከምዝገባ በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቁ ስለመጠየቅ

ዓይኑ ያያል፣ ጆሮው ይሰማል፣ ሲያስረዱት ይገባዋል፤ ንባብ፣ ጽሕፈት ወይም ስሌት ላይ ግን ከእኩዮቹ ወደኋላ ይቀራል። እንዲህ ያለ ልጅ በየትምህርት ቤቱ አለ። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ስም "ሰነፍ" ነው። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ወላጆቹ ለ7ኛ ክፍል የግል ትምህርት ቤት ሲፈልጉ የሚመርጡት በጭፍን ስለሆነ ነው።

7ኛ ክፍል ላይ የምናተኩረው ያለ ምክንያት አይደለም። ፊደላችን 33 ሲሆን በ7 ድምፅ ተባዝቶ 231 ቅርጽ ይሆናል። "ቡ" እና "ቢ" የሚለያዩት ቅጥያዋ አንዱ ላይ ወገቡ፣ አንዱ ላይ እግሩ ሥር በመሆኗ ብቻ ነው፤ ሳድሱ ደግሞ ወጥ ሥርዓት የለውም። ከዚህ ጋር 6 ዓመት ሲታገል የቆየ ልጅ 7ኛ ክፍል ሲገባ ሒሳቡም ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ይሆንበታል፤ በብዙ የግል ትምህርት ቤቶች እንዲያውም ቀደም ብሎ። በታችኞቹ ክፍሎች ጠባዩን የሚያውቅ አንድ መምህር ነበረው፤ አሁን ግን በየክፍለ ጊዜው መምህር ይቀያየርበታል። የቀድሞ መምህሩ ስለ እሱ የሚያውቁት፣ ለምሳሌ ጥያቄ ሲነበብለት እንደሚመልስ፣ መሸኛው ላይም ካርዱ ላይም አይጻፍም። አዲሱ ትምህርት ቤት የሚያየው ውጤትና ደረጃ ብቻ ነው።

ለወላጅ ደግሞ የሚታየው ሕንፃው፣ ክፍያውና በር ላይ የተሰቀለው የ8ኛ ክፍል ውጤት ነው። ሲጠይቅ "ድጋፍ እንሰጣለን" ይባላል። ይህ ቃል ግን ቢያንስ 3 የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል። አንዱ ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሚሰጥ ቲቶሪያል ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከንባብ ጋር ሲታገል ለዋለ ልጅ ያንኑ ትምህርት በዚያው መንገድ መድገም ድካም ይጨምርበታል እንጂ ብዙም አይጠቅመው። ሌላው ክፍል ውስጥ ከልጁ ጎን ሆኖ የሚረዳ፣ ቤተሰቡ ራሱ የሚከፍለው ሻዶው ቲቸር ነው። ሥልጠና ከሌለውና የሚከታተለው ከሌለ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የልጁን ደብተር ሻዶው ሲጽፍ ይገኛል፤ የክፍሉ መምህርም ልጁን የሻዶው ኃላፊነት አድርገው ይተዉታል። ሦስተኛው በልዩ ፍላጎት ትምህርት የሠለጠነ መምህር ተቀጥሮ ከየትምህርቱ መምህራን ጋር የተናጠል የትምህርት ዕቅድ ሲያወጣና በየጊዜው ሲያየው ነው። ድጋፍ መባል ያለበት ይህ ነው። በወላጅ ፊት ግን ሦስቱም አንድ ስም ይዘው ይቀርባሉ። ልዩነቱ የሚገለጠው ኅዳር ላይ፣ የመጀመሪያዎቹ ፈተናዎች ታርመው "ልጅዎ ከክፍሉ ጋር አልሄደም" ተብሎ ወላጅ ሲጠራ ነው። ያን ጊዜ ክፍያው ተፈጽሟል፤ ሌላው ትምህርት ቤትም ሞልቷል።

ስለዚህ ቢሮው እያንዳንዱ የግል መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ ገጽ ቅጽ ሞልቶ ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት እንዲለጥፍና ለጠየቀ ወላጅ እንዲሰጥ እንዲያዝ እንጠይቃለን። ቅጹ ላይ የሠለጠነው ባለሙያ ስንት እንደሆነና ስንት ልጆች እንደሚከታተል፣ በአንድ ክፍል ስንት ተማሪ እንዳለ፣ ዕቅዱ በዓመት ስንት ጊዜ ከወላጅ ጋር እንደሚታይ፣ ተጨማሪ ክፍያ ካለ በብር ስንት እንደሆነ ይጻፍ። ድጋፉ በየትኛው ክፍለ ጊዜ እንደሚሰጥም ይገለጽ፤ ልጁ ጎበዝ የሆነበት የሥዕል ወይም የስፖርት ሰዓት ለዚህ ሲወሰድ እናያለን።

ስለ ፈተናም ቅጹ በግልጽ ይናገር። 60 ደቂቃ ለተመደበለት ፈተና 75 ደቂቃ መስጠት፣ ወረቀቱን በ14 የፊደል መጠንና በሰፊ መስመር ማተም፣ ጥያቄውን ማንበብ፣ በሳይንስና በሒሳብ የፊደል ግድፈትን አለመቀነስ፣ ከሰሌዳ ከመገልበጥ ይልቅ ኖቱን አትሞ መስጠት ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። በእነዚህ ምክንያት የሚለወጠው የጥያቄው ክብደት ሳይሆን ልጁ ወደ ጥያቄው የሚደርስበት መንገድ ነው። መቶኛ ማስላት የሚችል ልጅ 4 መስመር የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ማንበብ ስላቃተው ዜሮ ሲያገኝ፣ የተለካው ሒሳቡ አይደለም።

የ8ኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተናም በቢሮው እጅ ነው። እነዚህ ልጆች የ17ኛውን ጥያቄ መልስ እያወቁ መልስ መስጫው ላይ 18ኛውን ያጠቁራሉ፤ አንዴ መስመር ከሳቱ የቀረው ሁሉ ይዛባል። መልሱን ጥያቄ ወረቀቱ ላይ አክብበው ፈታኝ ወደ መልስ መስጫው እንዲያዛውርላቸው ማድረግ ይቻላል። ለዓይነ ስውራን ተፈታኞች አንባቢ መመደብ የተለመደ ስለሆነ አሠራሩ ከዜሮ አይጀመርም። የሚያስፈልገው ማን፣ በምን ማስረጃ፣ እስከ መቼ እንደሚያመለክት የሚገልጽ መመሪያ ነው። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 676 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 24ም ተመጣጣኝ ማመቻቸትን፣ ማለትም አሠራሩን ለተማሪው ፍላጎት በሚቻለው መጠን ማስተካከልን ይጠይቃል።

መመሪያው እስኪወጣ ወላጆች በመጀመሪያ የልጁን ዓይንና ጆሮ ያስመርምሩ። ትምህርት ቤት ሲጎበኙ ደግሞ ድግስ ባለበት ቀን ሳይሆን በተራ የሥራ ቀን ይሂዱ፤ ያለፈውን ሴሚስተር የ7ኛ ክፍል ፈተና ወረቀትና የአንድ ተማሪ የታረመ ደብተር፣ ስሙ ተሸፍኖም ቢሆን፣ እንዲያሳዩዋቸው ይጠይቁ። ደብተሩ ላይ ያለው የቀይ ብዕር ኤክስ ብቻ መሆኑ ወይም ስህተቱ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ማስታወሻ መኖሩ ከርዕሰ መምህሩ ማብራሪያ ይበልጥ ይናገራል።

ብዙ ትምህርት ቤቶች ለቀጣዩ ዓመት ቦታ መያዝ የሚጀምሩት ክረምቱ ሳይገባ ስለሆነ፣ ቅጹ እስከ ግንቦት መጨረሻ እንዲደርሳቸው እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር
በልዩ ፍላጎት ትምህርት የምንሠራ መምህራንና ወላጆች